ለወዲያኛው ዳስ ጨምሩላቸው

ሙዚቃ ለመጫወት ጆሮ ያስፈልጋል ይባላል። እውነት ነው። የማን ጆሮ እንደሆነ ግን ማንም አይነግርህም። ጀማሪ ሙዚቀኛ ጆሮ ሲባል የራሱን ያስባል፤ አዋቂዎች ግን "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ብለው ነገሩን ከጨረሱት ቆይተዋል። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው፣ እምላለሁ፣ ድራም መቺ አጠገብ ቆሞ ያውቃል።

ነገሩን ያስነሱብኝ ቢላ ከምትባለው የወለጋ ከተማ የመጡ ልጆች ናቸው። ባንድ አቋቁመዋል። እኔ ነቀምቴ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ በዕድሜም ትንሽ እቀድማቸዋለሁ። ሁለቱን ደምረው ዕውቀት ነው ብለው መጡና፣ ሰርግ ላይ ስንጫወት ድምፃችን እንዲያምር ምን እናድርግ አሉኝ። ምክር እንደመጠየቅ ያለ ማዕረግ የት ይገኛል? እግሬን አነባበርሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ በፊት ጉሮሮዬን እንዲህ አሳምሬ የጠረግሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቀንሱ፣ አልኳቸው። ኪቦርዱን ቀንሱ፣ ጊታሩን ቀንሱ፣ ኤኮውን ደግሞ ከነጭራሹ አዋርዱት። ዘፋኙ አንዴ "ሆዴ" ባለ ቁጥር ሦስት "ሆዴ" ከተመለሰለት የሚዘፍነው ለሰው ሳይሆን ለገደል ነው። ስፒከሩ ከፊታችሁ ይሁን እንጂ ከኋላችሁ አይሁን፤ ማይክ የገዛ ድምፁን መልሶ ሲሰማ እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ደስ ብሎት ይጮኻል። ደግሞ ሁላችሁም ሁልጊዜ አትጫወቱ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይል ዘንድ ሽማግሌ አላስተማራችሁም? ሳውንድ ቼክ ስታደርጉ አንዳችሁ ውረዱና እንግዳው በሚቀመጥበት ወንበር ተቀምጣችሁ ስሙ። ድራመሩን በተመለከተ…

ድራመሩን በተመለከተ ጉሮሮዬን እንደገና ጠረግሁ። እዚያ ላይ የኔም ዕውቀት ያልቃል።

ይኼኔ ከመካከላቸው አንዱ፣ ዓይኑ ፈጠን ፈጠን የሚል፣ "ኦቦ፣ እናንተስ እንዲህ ነው የምታደርጉት?" አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሙዚቀኛ አይወጣውም። ጋዜጠኛ ይወጣው ይሆናል።

*

እኛ አራት ነን። ሌሊሳ ይዘፍናል። ሄኖክ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ሚክሰሩም በእሱ እጅ ነው። ፍራኦል ድራም ይመታል። እኔ ቤዝ ነኝ፤ ማለትም ካልቀረሁ በስተቀር መኖሬ የማይታወቅ ሰው። ስምም አለን፤ በየሰርጉ ስለምንለውጠው ግን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። አርጆ በተጫወትነው ሰርግ ላይ የነበረንን ስም እንኳ የለወጥነው በራሳችን ፈቃድ አልነበረም።

ድራሙ የፍራኦል አይደለም። የአባቱ የኦቦ ተሬሳ ነው። ኦቦ ተሬሳ ነቀምቴ ገበያ ዳር ወፍጮ ቤት አላቸው። ሞተሩ ለብዙ ዓመት ሲጮኽባቸው ኖሮ ጆሯቸውን እንደ በቆሎ አድቅቆ ጨርሶታል። ሲያናግሯቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "እ?" ይላሉ። ሁለተኛ ሲነገራቸውም "እ?" ይላሉ። በሦስተኛው የሚናገረው ሰው ራሱ ይደክመውና "ምንም አይደል" ብሎ ይሄዳል። ኦቦ ተሬሳ ከሰው መካከል "ምንም አይደል" እየተባሉ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሰርግ ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ ይበላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ይመለሳሉ።

ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም፤ እሳቸው ከንፈር ያነባሉ። እህል ይዛ የመጣች ሴት ገና አፏን ስትከፍት ለገንፎ ይሁን ለቅንጬ፣ ይድቀቅ ወይስ ሸርከት ይበል፣ ያውቁታል። በኦሮምኛም በአማርኛም ያነባሉ። ሐሜትም ያነባሉ ይባላል።

እኚህ ሰው አንድ ቀን ልጃቸውን ጠርተው ፍርዳቸውን አስታወቁት። አንገር ጉቲን በምትጫወቱበት ሰርግ ላይ እኔም ተጠርቻለሁ፤ መጥቼ እሰማችኋለሁ። ደስ ካለኝ ድራሙ ያንተ ነው፣ ቀጥል። ካላለኝ ድራሙ ይሸጣል፤ አንተም ሰኞ ጠዋት ወፍጮው ላይ ትቆማለህ፤ አሉት።

ልብ በሉልኝ። እሰማችኋለሁ ያሉት ኦቦ ተሬሳ ናቸው።

ፍራኦል ፊቱ አመድ መስሎ መጣና ነገረን። ድራመር የሌለው ባንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ማኅበር ይባላል። ስለዚህ አራታችን ተቀምጠን መከርን። ጥሩ ብንጫወት ምን ይጠቅመናል? ካልሰሙን ጥሩነታችንን በምን ያውቁታል? ስለዚህ ቀዳሚው ነገር መሰማት ነው፤ ማማሩ ይደርሳል፤ አልን። እንዲህ ያለ የማይነቃነቅ ክርክር ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም። ጥፋት ሁሉ እንዲህ ቀጥ ባለ ምክንያት ይጀምር ይሆን? ከመሄዳችን በፊት ከኛ ቁመት የሚበልጡ ሁለት ስፒከሮች ተከራየን።

*

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ነው። ወደ አንገር ጉቲን ቁልቁል ስትወርድ በየኩርባው አንድ ልብስ ታወልቃለህ። ታች ስንደርስ እኛ በከነቴራ፣ ስፒከሮቹ በአቧራ ኮት ነበርን።

ሙሽራው የወሎ ሰፋሪዎች የልጅ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በቆሎ የሚሸጠው ለኦቦ ተሬሳ ስለሆነ ነው እሳቸውም የተጠሩት። ሙሽራዋ የነቀምቴ ዙሪያ ልጅ ነች፤ ወገኖቿ ዘፈን ላለመስማት ቆርጠው የመጡ የወንጌል አማኞች ናቸው። በኋላ ሳስበው ከሁሉም የከፋ ቀን ያሳለፉት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሙሽራው ዘመዶች ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ከአንድ አያት የወረዱ ናቸው፤ ምርቃቱም አንድ፣ ለቅሶውም አንድ፣ ሐሜቱም አንድ። ሥጋው ብቻ ሁለት ነው። ስለዚህ ዳሱም ሁለት ነው፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ፣ በመካከላቸው አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። እኛን ከማንጎው ሥር አቆሙን። ወደ አንደኛው ዳስ ብንጠጋ ሌላኛው ይከፋዋላ! አንዱን ስፒከር ወደ ሙስሊሞቹ ዳስ፣ ሌላውን ወደ ክርስቲያኖቹ ዳስ አዞርን። እስከዚህ ድረስ ሥራችን የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ይመስል ነበር።

ሌሊሳ ማይክ ለመሞከር "አካም ጂርቱ?" አለ። ይህ ነው ስሕተቱ። ወለጋ ውስጥ ሰውን እንዴት ናችሁ ብለህ መልሱን ሳትሰማ ልትሄድ ነው? የሙሽራዋ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ። ናጋ ነው፣ ሰላም ነው አሉ። ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ነው በእናንተ በኩል? ሌሊሳ በማይክ ስለ ዝናቡ መለሰ። የሳውንድ ቼካችን ሰዓት በከብትና በዝናብ አለቀ፤ ማንም ወርዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልሰማም። ጀመርን።

*

ገና የመጀመሪያውን ዘፈን እንደጨረስን ከሙስሊሞቹ ዳስ አቶ ሰይድ መጡ፤ የሙሽራው አጎት ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። አብሽሩ የኔ ወንድሞች፣ እጃችሁ አይንጠፍ፣ እኛስ ጠገብን፤ ብቻ ወዲያ ማዶ ያሉት ወንድሞቻችን የራቃቸው ይመስለኛል፤ ለወዲያኛው ዳስ ጨምሩላቸው፤ አሉን። እንዴት ያለ ደግነት ነው! ሄኖክ ዓይኑ ረጠበ። ወደ ክርስቲያኖቹ ዳስ የዞረውን ስፒከር ጨመረ።

ሁለተኛውን ዘፈን ሳናጋምስ ከክርስቲያኖቹ ዳስ ጋሼ ካሳው ደረሱ፤ እሳቸውም አጎት ናቸው። ኧረ በሞቴ፣ ምነው ለኛ ብቻ አደላችሁ? እነ ሰይድ ምን ይሉናል? እኛስ እስከ አንገታችን ደርሶናል፤ ለወዲያኛው ዳስ ጨምሩላቸው፤ አሉን። ሄኖክ ወደ ሙስሊሞቹ የዞረውን ጨመረ።

አቶ ሰይድ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አስከትለዋል። ጋሼ ካሳው ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ሁለት እናቶች አስከትለዋል፤ አንደኛዋ ግንባራችንን ሳመችን። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሁለቱ ዳሶች በእኛ እጅ ይጎራረሱ ጀመር። ያኛው ለዚህኛው ያጎርሳል፣ ይህኛው ለዚያኛው ያጎርሳል፤ እንጀራው እኛ ነን። "ተወደድን እኮ!" እያለ ሄኖክ ይጨምራል። ፍራኦል በድራሙ ላይ አንገቱን አስግጎ ጥግ የተቀመጡትን አባቱን ያያል። ኦቦ ተሬሳ በእርጋታ ይበላሉ። "አልሰማም! ጨምር!" ይላል ፍራኦል። ስለዚህ ሄኖክን የሚገፉት ሦስት ኃይሎች ሆኑ፤ ሁለት ሃይማኖትና አንድ ጆሮ። ማን ይቋቋማል?

እንዴት ይሰማ ነበር ብትሉኝ አላውቅም። ሌሊሳ የትኛውን ዘፈን እንደሚዘፍን የምለየው ከፊቱ ነበር፤ ካለቀሰ የፍቅር ነው፣ ከዘለለ የጭፈራ ነው። ቤዜን በጫማዬ በኩል እሰማው ነበር። አብረን መጀመራችን ትዝ ይለኛል፤ አብረን ለመጨረሳችን ግን ምስክር አይገኝም። የታሰረ አህያ ገመዱን በጥሶ ሄደ። ያልበሰለ ማንጎ ከዛፉ ይረግፍ ጀመር። አንዱ ማንጎ፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ወደቀና ለወዲያኛው ዳስ ጨመረላቸው። ማንጎ እንኳ ይሉኝታ ይዞት!

*

ዳሶቹ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ያየሁት ያኔ ነው።

ሰው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ "እ?" ይላል። አጠገቡ ያለው ይጮኽለታል። "እ?" ይለዋል። አሁንም ይጮኽለታል። ከዚያ "ምንም አይደል" ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሰርጉ በሙሉ ኦቦ ተሬሳ ሆኗል። ኦቦ ተሬሳ ብቻ ኦቦ ተሬሳ አይደሉም። ሰው ሲጮኽ አፉን በሰፊው ይከፍታል፤ አፉን የከፈተ ሰው ደግሞ ለእሳቸው የተከፈተ መጽሐፍ ነው። በመጀመሪያ አንዲት ወጥ የምታቀርብ ሴት ምን እንደተጠየቀች ስትቸገር ነገሯት። ቀጥሎ የሙሽራዋ አጎት በኦሮምኛ ያለውን ለሙሽራው አክስት በአማርኛ አደረሱ። ወዲያው ከየጥጉ "ኦቦ ተሬሳን ጥሯቸው!" የሚሉ እጆች ተነሱ። ከወዲህ ዳስ ወደ ወዲያ ዳስ፣ ከወዲያ ወደ ወዲህ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ሮጡ።

ከዚያ አያ ይመር ለምርቃት ተነሡ። ሁለቱንም ዳስ የወለዱት ሽማግሌ ናቸው፤ ከወሎ እዚህ የደረሱት በእግራቸውም በጭነት መኪናም ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ኦቦ ተሬሳ ፊት ለፊታቸው ቆሙ፤ አፋቸውን አዩ፤ ዞሩ። ያ ሞተር ሲበልጥ የኖረ ድምፅ ከስፒከሮቻችን በላይ ወጣ።

"ውለዱ ክበዱ ይሏችኋል! አሜን በሉ!"

"አሜን!"

ይህንኑ ለሙሽራዋ ወገኖች በኦሮምኛ መለሱት። "ሆራ ቡላ ማለታቸው ነው፣ ኢጆሌ! አሜን!"

"አሜን!"

ፍራኦል ዱላውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቱን እንዲህ ረጅም ሆነው አይቷቸው አያውቅም። እኔም አላውቅም።

ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር የሞተው ይኼኔ ነው። ስንጨምርበት ስንጨምርበት ሦስት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ።

በድንገት የመጣ ጸጥታ አደገኛ ነው፤ የሚጮኽ ሰው ወዲያው አያቆምም። ከማንጎው ሥር ጋሼ ካሳውና አቶ ሰይድ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው ኖሯል። የጋሼ ካሳው ድምፅ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ ለሁለቱም ዳስ ተሰማ። "ለእናንተ ጨምሩ ያልኩት እኮ ከኛ ላይ እንዲነሡልን ነው!" የአቶ ሰይድም ተከተለ። "ወላሂ እኔም!"

አንድ ማንጎ ወደቀ።

ለካ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ራሳቸውን እያመማቸው ነው የሚመጡት። ግን ከነቀምቴ ድረስ ለመጣ እንግዳ "ቀንስ" ይባላል? ነውር ነው። ነውር ሲሆን ምን ይደረጋል? ለወንድም ይሰጣል። ሁለቱ አጎቶች እኛን አዩን፤ እኛም እነሱን አየናቸው። ጋሼ ካሳው "ቀልዴን ነው" አሉ። አቶ ሰይድ "ቀልዱን ነው" ብለው አጸኑላቸው። ሄኖክ ከሚክሰሩ ጀርባ ቁጭ አለና ጠፋ።

ፍራኦል ግን የሚያየው አባቱን ነበር። አለቀልን፤ ሰኞ ወፍጮ ቤት፤ ድራሙ ለሌላ ሰው። ኦቦ ተሬሳ ከዳሱ መሐል ቆመዋል። ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አፉን ሳይከፍት ያወራል። አንዱ ወደ እሳቸው ዞር ብሎ የሆነ ነገር አላቸው። "እ?" አሉ። ደገመላቸው። "እ?" አሉ። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ አለፈ። ከንፈሩን ሳላነብም ያለውን አውቃለሁ።

ኦቦ ተሬሳ ወደ እኛ መጡ። ፍራኦል ተነሥቶ ቆመ። ሦስታችን ደግሞ እርቅ ለመለመን ተዘጋጀን።

"ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለምንድን ነው ያቆማችሁት?" አሉት። ቆጣ ብለዋል። "ሰው ጨዋታ ላይ ነው እኮ!"

ፍራኦል ደስ ብሎዎታል ወይ ለማለት አፉን በሰፊው ከፈተ። ከንፈሩን አነበቡለት። እንዲህ ያለ ሰርግ ከተወለድሁ አላየሁም፤ ሁሉም ሰው አናገረኝ፤ አሉት። ድራሙ ያንተ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ እንዳትቀንሱ።

*

ይህን ሁሉ ለቢላ ልጆች ነገርኳቸው። ያ ዓይነ ፈጣን ልጅ፣ ታዲያ አሁንስ ታደርጉታላችሁ ወይ፣ የመከሩንን ማለቴ ነው፤ አለኝ። ቃል በቃል መመለሱን ትቼ ልምምዳችንን እዩ ብዬ ይዣቸው ሄድሁ።

የምንለማመደው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። የኦቦ ተሬሳ ሐሳብ ነው። እዚህ ማንም ቀንሱ አይላችሁም አሉን፤ እውነታቸውን ነው። በአንድ በኩል ሞተሩ ይጮኻል፣ በሌላ በኩል እኛ፤ በመካከል የበቆሎ ዱቄት ይነፍሳል። ከአንድ ዘፈን በኋላ አራታችንም በዱቄት ሸብተን አያ ይመርን እናክላለን።

የቢላ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ጀመርን። እህል ይዛ ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት እናት ጥቂት ታገሠች። ከዚያ መጣች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ፈገግ አለች። እየጮኸች የነገረችን ይህን ነው። ስትጫወቱ እንዴት ደስ ትላላችሁ፣ የኔ ልጆች! ግን ለኛ ብቻ ምነው? ከጓሮ ያሉት ጎረቤቶችስ ሰው አይደሉም? ወደዚያ ዞር አድርጋችሁ ጨመር አድርጉላቸው።

ዛሬ ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። ጉቲን ድረስ ወርደን የተማርነው ነው። ሄኖክ አላመነታም፤ ሊቀንስ እጁን ወደ ሚክሰሩ ሰደደ። የቢላ ልጆች ወደ እኔ ዞሩ፤ መካሪያቸው ሲከበር ሊያዩ ነው። ደረቴን ነፋሁ።

ኦቦ ተሬሳ ከወፍጮው አጠገብ ቆመው የሴትዮዋን ከንፈር ሲያነቡ ነበር። አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም። ይሉኝታ ግን ከንፈር ላይ አይጻፍም።

"ሰማችሁ አይደል?" አሉን፣ በደስታ እየበሩ። "ጎረቤት ቀርቶበታል! ጨምሩላቸው!"

ፍራኦል አባቱን አየ። ድራሙን አየ። ዱላውን ከፍ አደረገ።

የቢላን ልጆች ዓይን ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁና ቤዜን ጨመርሁ።